የመኪናው አርማ ይነቀል ወይስ ይቆይ?

በሚኒያፖሊስና በሴይንት ፖል የሚኖር ወገናችን አዲስ መኪና ሲገዛ መጀመሪያ የሚያስጨንቀው ዋጋው ነው። ከዚያ የባንኩ ወለድ፣ ከዚያ ኢንሹራንሱ ይከተላል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን አራተኛ ጭንቀት ተጨምሯል። ይህን ጭንቀት ይዘው የሚመጡት እዚህ ያደጉት ልጆች ናቸው። የምርቃቱ ቡና ገና ሳይፈላ ልጅ መኪናውን ዞር ዞር ብሎ ያይና “አባዬ፣ እነዚህን ጽሑፎች እንንቀላቸው፤ ያለ እነሱ ነው የሚያምረው” ይላል። አባት ይደነግጣል። ስንት ዓመት ሌሊት ሠርቶ የገዛው ቶዮታ ቶዮታነቱ ካልታየ ምኑን ቶዮታ ሆነ? እናት ደግሞ የምትፈራው ሌላ ነው። “ስም የሌለው መኪና ሲያዩ ፖሊሶቹ የተሰረቀ ነው ብለው ልጄን ቢያስቆሙትስ?” ትላለች።

ውድ አንባቢያን፣ ነገሩ ተራ የጎረምሳ ቅብጠት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አባትም እናትም ልጅም በየበኩላቸው እውነት አላቸው። መኪና ላይ የተለጠፈ ስም ለማን ነው? ማን ጻፈው? ማን ያነበዋል? ማንስ ይጠየቅበታል? እስቲ ጉዳዩን ከሥሩ እንየው። (ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አራት ስሞች በአንድ መኪና ላይ

አዲስ መኪና ከሻጩ ግቢ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ አራት ዓይነት ስም ተሸክሞ ነው። አንደኛው የሠሪው ስም ነው። ከፊትም ከኋላም የሚታየው የቶዮታ፣ የሆንዳ ወይም የፎርድ አርማ ማለት ነው። ሁለተኛው የመኪናው መጠሪያ ነው፤ ካምሪ፣ ሲቪክ፣ ራቭ ፎር የሚለው። ሦስተኛው የመኪናውን ደረጃ የሚናገሩት ፊደላት ናቸው። አራተኛው ግን የመኪናውም የሠሪውም ያልሆነ፣ የሻጩ ድርጅት ስም ነው። ፖርቶባጋሊዮው ላይ ይለጠፋል፤ በታርጋው ዙሪያም በፕላስቲክ ክፈፍ ይታሰራል። ለዚህ ማስታወቂያ ከዋጋው ላይ አንድ ሳንቲም አይቀነስም። ገዢው ከፍሎ የተቀጠረ ደመወዝ የለሽ የማስታወቂያ ሠራተኛ ሆነ ማለት ነው።

የመንገድ ሕጉ መኪናን የሚለየው በነዚህ ስሞች አይደለም። ሕጉ የሚያየው ታርጋውን፣ ታርጋው ላይ የሚለጠፈውን ዓመታዊ ቦሎና የሻንሲ ቁጥሩን ነው። ከ1981 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጥ መኪና 17 ፊደላትና አኃዞች ያሉት የሻንሲ ቁጥር አለው። ቁጥሩ በሾፌሩ በኩል ከፊት መስታወቱ ሥር ዳሽቦርዱ ላይ ይታያል፤ በሾፌሩ በር ፍሬም ላይም ተለጥፎ ይገኛል። እሱን መፋቅ ወይም መቀየር የፌዴራል ወንጀል ነው። የሠሪውን አርማ ከገዛ መኪና ላይ መንቀል ግን ከገዛ ሸሚዝ ላይ ኪስ እንደ መፍታት ነው፤ የሚከስ የለም።

“ዋስትናውስ አይፈርስም?” የሚሉ አሉ። በ1975 የወጣው የማግነሰን ሞስ ሕግ ለዚህ መልስ አለው። ሠሪው ዋስትናውን የሚነፍገው ባለቤቱ ያደረገው ለውጥ ጉዳቱን ማምጣቱን ሲያሳይ ነው። ፊደል ስለተነቀለ ሞተር አይጠገንም የሚል ነገር የለም። ሲነቀል የተቧጨረው ቀለም ግን የባለቤቱ ዕዳ ነው። መኪናው በሊዝ የተያዘ ከሆነ ደግሞ ጨዋታው ሌላ ነው። ንብረቱ የአከራዩ ስለሆነ የሚመለሰው እንደ ተወሰደው ነው።

የእናት ፍርሃት

በመንትዮቹ ከተሞች የምትኖር እናት ስለ ፖሊስ ብትፈራ ማንም ሊስቅባት አይገባም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 6 ቀን 2016 ፊላንዶ ካስቲል ከሴይንት ፖል አጠገብ በፋልከን ሃይትስ የተገደለው የፍሬን መብራት አልሠራም ተብሎ በቆመ መኪና ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 11 ቀን 2021 የ20 ዓመቱ ዳንቴ ራይት በብሩክሊን ሴንተር ሲቆም ምክንያት የተባሉት ጊዜው ያለፈበት ቦሎና ከመስታወቱ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ሽቶ ነበሩ። ፖሊሷ የኤሌክትሪክ መሣሪያ የያዘች መስሏት ሽጉጥ ተኮሰች። ልጁ ሞተ፤ እሷም ተፈረደባት። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ሴይንት ፖልን የሚያጠቃልለው የራምዚ ካውንቲ ዐቃቤ ሕግ ጆን ቾይ፣ በጥቃቅን የመኪና ጉድለት ሰበብ ከሚደረግ ማስቆም የሚመነጩ ክሶችን እንደማይከፍት አስታወቀ።

እንግዲህ እናት “ትንሽ ነገር” የምትለው ትንሽ እንዳልሆነ በደም ተጽፎ አይታለች። ነገር ግን ፍርሃቷን ወደ ትክክለኛው ቦታ ብታዞረው ይጠቅማታል። አርማ የሌለው መኪና ሕግ አልጣሰም። የሚኒሶታ ሕግ የሚከለክለው የታርጋውን ፊደላትና አኃዞች ወይም የግዛቲቱን ስም መሸፈንን ነው። ይህን የሚያደርገው ደግሞ ማን ነው? ብዙ ጊዜ ያ የሻጩ ድርጅት በነጻ ያሰረው የፕላስቲክ ክፈፍ ነው! “ሚኒሶታ” የሚለው ቃል ላይ ተኝቶ ስንት ሰው ሳያውቅ ይነዳል። ለልጁ ደኅንነት ሲባል መኪናው ላይ የሚነካ ነገር ካለ መጀመሪያ ይህ ክፈፍ ይፈታ፤ ቦሎው ይታደስ፤ የፍሬን መብራቱ ይታይ። የቶዮታው አርማ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ሌባም ያነባል

አርማውን የሚያነበው ጎረቤት ብቻ አይደለም። ከ2021 በኋላ በአሜሪካ ከተሞች የኪያና የሂዩንዳይ መኪና ስርቆት እንደ ወረርሽኝ ተዛመተ። ሚኒያፖሊስና ሴይንት ፖል ክፉኛ ከተመቱት መካከል ነበሩ። ምክንያቱ የታወቀ ነው። ሁለቱ ኩባንያዎች እስከ 2021 ድረስ ለአሜሪካ ከሠሯቸው መኪኖች ብዙዎቹ፣ በተለይ በቁልፍ ተጠምዝዘው የሚነሱት፣ ትክክለኛው ቁልፍ ካልገባ ሞተሩን የሚያግደው መሣሪያ አልነበራቸውም። ታዳጊዎች በዩኤስቢ ገመድ ጫፍ እያስነሱ ሲነዷቸው የሚያሳይ ቪዲዮ በቲክቶክ ተሠራጨ። የሚያሳዝነው፣ መሣሪያው ከ2007 ጀምሮ በሕግ ግዴታ በሆነባት በካናዳ የእነዚሁ ኩባንያዎች መኪኖች መሣሪያው ነበራቸው። የአሜሪካ ሕግ ስላላስገደደ የአሜሪካው ገዢ ተዘለለ።

በዚያን ጊዜ “አርማውን ብነቅለው ሌባ አያውቀውም” ያለ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ግን አይሠራም። ሌባ መኪናውን በቅርጹ ያውቀዋል፤ በመስኮት አይቶም የቁልፍ ማስገቢያውን ይፈልጋል። ሠፈር ውስጥ የሚሰርቅ ልጅ ከኢንጂነር ባልተናነሰ መኪና ያውቃል። የጠቀመው ሌላ ነገር ነው። ኩባንያዎቹ ከፌብሩዋሪ 2023 ጀምሮ ያለ ክፍያ የጫኑት ሶፍትዌርና መሪውን የሚቆልፈው የብረት ዘንግ ማለታችን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር አለ። የሚኒሶታ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ኪት ኤሊሰን በማርች 2023 ምርመራ ሲከፍት ማንን እንደሚጠይቅ ያውቅ ነበር። በዲሴምበር 2025 ሁለቱ ኩባንያዎች ሚኒሶታን ጨምሮ ከብዙ ግዛቶች ጋር ስምምነት ላይ ደርሰው የቁልፉን ቤት የሚያጠናክር ብረት ለመኪናዎቹ ባለቤቶች በነጻ ለማቅረብ ቃል ገቡ። ሌባው መሠወር ይችላል። ስሙን በገዛ እጁ መኪናው ግንባር ላይ የለጠፈ ሠሪ ግን አይሠወርም።

አገር ቤት አርማ ሲነበብ

እኛ ኢትዮጵያውያን አርማ ማንበብ የጀመርነው አሜሪካ መጥተን አይደለም። አዲስ አበባ ላይ “ዲኤክስ” ሲባል የማያውቅ የለም። የአሮጌዋ ኮሮላ ስም ሆኖ ቀረ። ዲኤክስ ግን የመኪና ስም አልነበረም፤ “ዴሉክስ” ለማለት ከኋላ የተለጠፈ የደረጃ ምልክት ነው። ላዳም እንዲሁ ከፋብሪካ ስምነት አልፋ የትንሿ ታክሲ መጠሪያ ሆነች። ባጃጅ ከሕንድ ኩባንያ ስምነት ወደ ባለ ሦስት እግር ታክሲ ስምነት ተሻገረ። “ቪኤይት”ንማ ማን ይረሳል? ሞተሩ ስምንት ሲሊንደር እንዳለው የሚናገር ምልክት ነበር። ቶዮታ ላንድክሩዘር ላይ ተለጥፎ አዲስ አበባ ሲገባ ግን የባለሥልጣን መጠሪያ ሆነ። “ቪኤይት የሚነዳ” ማለት በሕዝቡ አፍ ደሃው በወረፋ ላይ ሳለ መስታወቱን ዘግቶ የሚያልፍ ሰው ማለት ነው። ቶዮታ በ2021 ያወጣው አዲሱ ላንድክሩዘር ስምንት ሲሊንደሩን ትቶ ወደ ስድስት ወርዷል፤ ስሙ ግን ከሕዝቡ አፍ አልወረደም።

ከዚህ በፊትም ቢሆን መኪና በፖለቲካችን ውስጥ ብዙ ተናግሯል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥት ያወጣቸው ሮልስ ሮይስና መርቸዲስ ከሞላበት ጋራዥ መርጦ አልነበረም። በአንዲት ቮልስዋገን ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ወሰዳቸው። በዚያ ቀን የተነበበውን አዋጅ ዛሬ ቃል በቃል የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ቮልሷን ግን ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። የመኪናዋ ማርካ ከአዋጁ በላይ ተነበበ።

ስም መንቀልና ስም መቀየር

አርማ መንቀል አንድ ነገር ነው፤ የሌላውን ስም መለጠፍ ሌላ ነገር ነው። በ2005 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው ሆላንድ ካር በፊያት ንድፍ ላይ የተመሠረተችውን “ዶክ” ከገጣጠመ በኋላ “አባይ” የተባለች መኪና ይዞ ብቅ አለ። ቀጥሎም “ተከዜ” እና “አዋሽ” መጡ። በወንዞቻችን ስም የተጠራ መኪና ማየት ማንን አያስደስትም? ልባችን ሞቆ ነበር። አባይ ግን በአመጣጧ የቻይናው ሊፋን 520 ነበረች። ፍሬን ሸራ ሲያልቅ ሱማሌ ተራ ወርዶ የሚፈለገው የሊፋን እንጂ የአባይ ፍሬን ሸራ አይደለም። ሊፋን ራሱም ቆይቶ በገዛ ስሙ መጥቶ መገጣጠም ጀመረ። ሆላንድ ካር በ2013 ከሰረ።

ይህን የምንለው ሥራውን ለማቃለል አይደለም። መገጣጠም የሥራ መጀመሪያ ነው፤ ስንቶቹ ታላላቅ ፋብሪካዎች ከዚያ ተነሥተዋል። የምንለው፣ ስም መቀየር ብረት ማቅለጥን አይተካም ነው። አርማው የሠሪው እስካልሆነ ድረስ ሲሞቅ ደስታ፣ ሲበላሽ ተጠያቂ የሌለው ይሆናል።

ከ2024 ጀምሮ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሎ አዲስ አበባ በቻይና በተሠሩ የኤሌክትሪክ መኪኖች ተሞልታለች። ከነዚህ አንዱ ቢዋይዲ ነው። ኩባንያው ቀድሞ በመኪናው ጀርባ ላይ “ሕልምህን ገንባ” የሚል ትርጉም ያለው ረጅም የእንግሊዝኛ ሐረግ ይለጥፍ ነበር። ብዙ ገዢ ስላልወደደው በአዳዲሶቹ ሞዴሎች ላይ በሦስት ፊደላት ተካው። ሠሪው ራሱ የገዛ አርማውን ነቀለ ማለት ነው።

ወደ አሜሪካ እንመለስ። በ2025 መጀመሪያ፣ የቴስላው አለቃ ኢሎን መስክ በትራምፕ አስተዳደር ውስጥ ሠራተኛ ሲያስቀንስ፣ የተቆጡ የቴስላ ባለቤቶች አርማውን እየነቀሉ የሌሎች ኩባንያዎችን አርማ ለጠፉ። አንዳንዱ በፖለቲካው አፍሮ፣ አንዳንዱ መኪናው እንዳይቧጨርበት ፈርቶ ነው። ፍርሃቱ ይገባናል፤ ከፍርሃት ጋር የኖርን ሰዎች ነን። ይሁንና ቴስላ ላይ የሆንዳ አርማ መለጠፍ ማንን ያታልላል? መኪናውን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የማያውቅም መጀመሪያውኑ አልተቆጣም። ዝም ያለ መኪና ዝም አለ ይባላል። የሌላ ስም የለጠፈ ግን ዋሸ ነው የሚባለው።

የደቃቅ ፊደል ነገር

በጋዜጣ ሥራ ያለፍን ሰዎች አንድ የምናውቀው ነገር አለ። ጋዜጣ አንድ ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል የአሳታሚው ስም፣ አድራሻውና የማተሚያ ቤቱ ስም ይጻፋል። ለጌጥ አይደለም፤ አንባቢም አያየውም። ክስ ሲመጣ ግን መጀመሪያ የሚነበበው እሱ ነው። በተቃራኒው፣ በመንግሥት ጋዜጣ ከላይ በስልክ ታዝዞ ያለ ጸሐፊ ስም የሚወጣ ጽሑፍ ነበር። ሰው ይወነጅላል፤ ሰው ያስራል፤ የጻፈው ግን አይታወቅም። ስም የሌለው ነገር ምን ያህል እንደሚደፍር ያየ ሰው የሠሪን ስም ቀላል አድርጎ አያይም።

የስም ክብደት ምን ያህል እንደሆነ ማየት የፈለገ ሴይንት ፖል ይመስክር። ፎርድ በሃይላንድ ፓርክ ሠፈር፣ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ከ1920ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ መኪና ሲሠራ ኖሯል። ፋብሪካው የመጨረሻዋን ሬንጀር ፒክአፕ አውጥቶ የተዘጋው በዲሴምበር 2011 ነው። ዛሬ ቦታው ሃይላንድ ብሪጅ የተባለ የመኖሪያ ሠፈር ሆኗል። ፋብሪካው ፈርሷል፤ ፎርድ ፓርክዌይ የተባለው ጎዳና ግን አለ፤ ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘውንም ድልድይ ሕዝቡ ፎርድ ድልድይ ይለዋል። ኩባንያው በ2006 ለመክሰር ሲቃረብ ከ23 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲበደር ካስያዛቸው ንብረቶች መካከል ፋብሪካዎቹ ብቻ አልነበሩም። ሰማያዊዋን ሞላላ አርማ ጭምር በመያዣነት ሰጠ። ያስመለሳት በሜይ 2012 ነው። ባንኮች አርማ ይዘው ገንዘብ ያበደሩት ቁራጭ ፕላስቲኩ ዋጋ ኖሮት አይደለም። ከጀርባው “እኔ ሠራሁት፤ እኔን ጠይቁኝ” የሚል ቃል ስላለ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

የእኛ አስተያየት ይህ ነው። የሻጩ ድርጅት ስም ያለ ጥርጥር ይነሣ። እንዲያውም ከመፈረም በፊት “ስማችሁን መኪናዬ ላይ አትለጥፉ፣ ክፈፉንም አትሠሩ” ማለት ይቻላል፤ ቢጠየቅ የሚያስቆጣ ነገር አይደለም። የደረጃው ፊደላት የልጁ ድርሻ ይሁኑ። ቢነሡ ማንም አይጎዳም፤ መኪናውም ረጋ ያለ መልክ ይይዛል። የሠሪው አርማ ግን ይቆይ። አባት እንደሚያስበው ጎረቤት እንዲያየው አይደለም። የሚጠየቀው ማን እንደሆነ እንዲታወቅ ነው።

ለዚህ የእጅ ሥራ ምክንያትም አለው። በብዙ አዳዲስ ቶዮታዎች ከፊት አርማው ጀርባ፣ ፊት ለፊት ያለውን መኪና የሚለካው ራዳር ተቀምጧል። አርማውን መንቀል፣ መቀባት ወይም በሌላ መሸፈን መኪናው በራሱ ፍሬን የሚይዝበትን ዓይን ማጥፋት ሊሆን ይችላል። የቮልስዋገን ጎልፍ የኋላ አርማ ደግሞ የፖርቶባጋሊዮው መክፈቻ ነው።

ለመንቀል የቆረጠ ልጅ ይህን ይወቅ። ሥራው ገና መኪናው አዲስ ሳለ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይሠራ። ዓመታት ካለፉ በኋላ ዙሪያውን ፀሐይ ስለሚበላው የፊደሉ ጥላ ቀለሙ ላይ ታትሞ ይቀራል። በሚኒሶታ ጥር ወር ደጅ ላይ አይሞከር። ማጣበቂያው በብርድ ይደርቃል፤ ፊደሉ ይሰበራል፤ ቀለሙም ይነሣል። ሞቅ ባለ ጋራዥ ውስጥ በፀጉር ማድረቂያ ይሙቅ። ከዚያ በጥርስ ክር ወይም በዓሣ ማጥመጃ ናይለን ከኋላው እየተጋዘ ይላቀቅ። ካቻቢቴ ወይም ቢላዋ ፈጽሞ አይነካው። የቀረው ሙጫ በማስለቀቂያ ፈሳሽ ተጠርጎ በሰም ይወልወል። ከሁሉ በፊት ግን አርማው በሙጫ ብቻ ይሁን በቀዳዳ የገባ፣ ይጣራ። ቀዳዳ ያለው ከሆነ ይተው። በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው በዚያች ቀዳዳ ገብቶ ብረቱን በዝገት ይበላዋል።

ለአባትም አንድ ቃል አለን። አርማው ሲነሣ መኪናው የሚያንስበት ከሆነ፣ የተገዛው መኪናው ሳይሆን አርማው ነበር ማለት ነው። በመንትዮቹ ከተሞች ለቤተ ክርስቲያን ግቢና ለሠርግ ሰልፍ ሲባል ከአቅም በላይ ተከፍሎ በወለድ የሚታመሰው ቤት ጥቂት አይደለም። የተሻለ ማርካ ስለነዳ ወርሃዊ ክፍያ የተቀነሰለት ሰው አላየንም። ለልጁ ደግሞ እንላለን፤ ጽሑፍ የሌለበት መኪና ማማሩ እውነት ነው፤ ንቀለው። ብቻ በነቀልከው ቦታ ላይ ያልሆነውን አትለጥፍበት።

ቸር እንሰንብት።